የእማማ መስሚያ

የእማማ የጆሮ መስሚያ ድምፁ የሚስተካከለው በልጃቸው ስልክ ነበር። ልጃቸው ከሚስቱ ጋር ሊያማቸው ሲፈልግ እስከ ዜሮ ዝቅ ያደርገዋል፤ እማማም ምንም ሳይሰሙ ፈገግ ብለው ያዩዋቸዋል። በመጨረሻ ሲያጣጥሩ እጃቸውን ይዞ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» እያለ ሲያለቅስም ድምፁን መመለስ ረስቶ ነበር። መስሚያው ከጆሯቸው ሳይወጣ ተቀበሩ።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ ሚስቱ ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ፣ «እንግዲህ ክፍላቸውን እናከራየው። እኛም እፎይ እንበል» አለችው።

እጁ ለምዶበት ወደ ስልኩ ሄደ።

«የእማዬ መስሚያ ተገናኝቷል» ይላል።

ደንግጦ ድምፁን ወደ ታች ጎተተው። የድምፁ ምልክት ግን ከጣቱ ሥር እያመለጠ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው ሚስቱ።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ምላሱ ተሳሰረ።