ጤዛው ሳይረግፍ

ጤዛ በማርገፍ በመንደራችን እኔን የሚያህል የለም። ገመዱን ይዤ ማሳው ውስጥ ስገባ ሩዙ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈኛል። ወንዶቹም ያውቁታል፣ አፋቸውን ሞልተው ባይናገሩትም።

ዛሬም ገመዱ ወገቤ ላይ ታስሯል። ሌላኛውን ጫፍ ከማሳው ማዶ የያዘችው አክስቴ ነጃት ናት። ሁለታችን ዳር ለዳር እየሄድን ገመዱን በሩዙ አናት ላይ መጎተት፣ በቃ ሥራው ይኸው ነው። መድኃኒት የሚረጨው ሰውዬ ነገ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ቅጠሉ እንደረጠበ ከቆየ፣ ፈንገስ ይገባበትና ዛላው እንዳምናው ነጭ ሆኖ ባዶውን ይቆማል። አምና እኛ የሩዝ ገበሬዎቹ ከሱቅ ሩዝ ገዝተን በላን።

ግን የግብርና ባለሙያዋ ኢንጂነር ናግላ ማይክሮስኮፗን የውሃ መሳቢያው ሞተር ላይ አስቀምጣ፣ "ሹሩቅ፣ ነይ ጠላትሽን እዪው" አለችኝ። ጠላቴን ሳላይ እንዴት ልሂድ?

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አያለሁ። የፈንገሱ ዘር ቅጠሉ ላይ ተጣብቋል። ቀጭን ክር አውጥቶ ጫፉ ላይ ጥቁር ጉልላት ሠርቷል። ጉልላቱ ጤዛውን እየጠጣ ይወጠራል። ኢንጂነሯ የመጣችበትን ባጃጅ ጎማ በእግሯ መታ አድርጋ፣ የጉልላቱ ግፊት እዚህ ውስጥ ካለው ስንት እጥፍ መሰለሽ ትለኛለች። ከዚያ ከሥሩ መርፌ አውጥቶ ቅጠሉን ይበሳል። ሳይበሳ ጤዛው ከደረቀበት ግን አለቀለት።

እጅ የለው፣ ጥርስ የለው፣ ውሃ ጠጥቶ ግድግዳ ይበሳል! ወንድሜ ቁልፍ ይዞ እንኳ በራችንን ሲከፍት ግማሽ መንደር ይቀሰቅሳል።

ገመዱ ወገቤን ይስበኛል። ቆይ ትንሽ። እንደገና ይስበኛል። ኢንጂነሯ ሌላ ቁራጭ ቅጠል ታስገባለች፤ በዚህኛው መርፌው አልፎ፣ ውስጥ ለውስጥ እንደ ሥር ተዘርግቷል። እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

ቀና ስል አክስቴ ገመዱን ክንዷ ላይ እየጠቀለለች አጠገቤ ደርሳለች፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ከኋላዋ ማሳው በሙሉ በጤዛ ያብለጨልጫል። ሳትቆጣ ልቅደማት ብዬ፣ እንዴት እንደሚጣበቅ፣ እንዴት እንደሚወጠር፣ በምን ብልሃት እንደሚገባ አንድ ሳላስቀር እነግራታለሁ።

ጨርሼ እስክተነፍስ ትጠብቀኛለች።

"እሱስ ገባ" ትላለች። "አንቺ ማሳው ውስጥ የምትገቢው መቼ ነው?"