የስካውት አባት

ሰዎች ውሾቻቸውን በሚያንሸራሽሩበት የክሪኬት ሜዳ ላይ ሰው የሚጠራው በውሻው ስም ስለሆነ፣ እሱም “የስካውት አባት” ነበር። የማንንም ውሻ ነክቶ የማያውቀው ስካውት ግን በዚያ ጠዋት፣ ልታጫውተው የመጣችው ሞሊ የተባለች ውሻ ላይ ጥርሱን አግጥጦ ዘለለባት። “ይቅርታ፣ የሞሊ እናት! ምን እንደነካው እንጃ!” አለ ሰውየው። ውስጡን ግን ደስ ብሎት ነበር። ሌላ ጊዜ ውሻው ከመኪና እንደወረደ ወደዚህች ሴት ይሮጣል፤ እሱ ኳሱን እንደያዘ ይቀራል። አሁን ግን እግሩ ሥር ተለጥፎ ቆመለት።

“በእኔ ቀንቶ ነው” አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። “ከእንግዲህ ማንንም አያስጠጋም።”

“ኧረ የምን ቅናት! የፊት እግሩን አታየውም? መሬት ማስነካት አቅቶታል። በጋ ላይ የዚህ ሣር ፍሬ እንደ መርፌ ነው የሚሰካው።”

ሰውየው ደንግጦ ተንበረከከና እግሩን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ስካውት አጉረመረመበት። ከዚያ እያነከሰ ወደ ሴትየዋ ሄደና ያበጠ መዳፉን እጇ ላይ አስቀመጠላት።

“አይዞህ፣ የኔ ጌታ” አለችው።

አባትየው ኳሱን እንደያዘ ቀረ።