የአሰለፈች አውራ ጣት

አሰለፈች የልጆች ዴስክ ውስጥ ገብታ ጉልበቷ ተቀርቅሯል። ወንበሩና ጠረጴዛው አንድ ላይ የተበየደ ነው፤ የገባ ሰው እንደ ልቡ አይወጣም። ከጎኗ የልጅ ልጇ ገነት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

ፊት ለፊት መምህር መልካሙ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን እየነካካ ይለፈልፋል። ለልጆቹ ታብሌት ከታደለ ወዲህ የትምህርት ቤቱ መልእክት ሁሉ በዚያው ነው የሚመጣው፤ ወላጅ ያነብባል፣ አውራ ጣቱን ያሳርፋል፣ አለቀ። ዛሬ ወላጆች ተጠርተው ማን እንዳነበበና ማን እንደዘለለ በአደባባይ ይታያል። ከአሰለፈች ፊት የተቀመጠው ወላጅ፣ ባምላኩ፣ አንድም ቀን አልከፈተም ተብሎ ተስቆበታል።

«እማማ አሰለፈችን እዩ!» ይላል መምህሩ። «ከዚህ እስከ ሐሙሲት ከተማ እንዲህ ያለ ወላጅ አይገኝም። መልእክቱ በመጣ በሰዓቱ አንብበው ያጸድቃሉ።»

«ምን ይደንቅሃል? ዐይን የተሰጠኝ ላይበት አይደል?»

ይጨበጨባል። ባምላኩ ዞር ብሎ፣ «ለጽዋ ማኅበሩ ሴቶች ሁሉ መልእክቱን የሚያስረዱት እትዬ አይደሉ እንዴ!» ይላል።

አስረድታለች፤ አይካድም። ታብሌቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ገነት ጠዋት የነገረቻትን ቃል በቃል ስትወጣው ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል። ፊደል ግን አንዲትም አታውቅም። ገነት «ስለ ፈተና ነው፤ እዚህ ጋ» ስትላት ጣቷን ታሳርፋለች፤ ንባቧ ይኸው ነው።

መምህሩ ስክሪኑን ወደ ታች እየገፋ ድንገት ጣቱን ያቆማል።

«ትናንት ያጸደቁት... የመልቀቂያ ጥያቄ ነው።» ድምፁ ይወርዳል። «የገነት ስም ከዐሥራ አንደኛ ክፍል ይሰረዝ ይላል። ኩዌት፣ እናቷ ጋ ልትሄድ።»

አሰለፈች ትዞራለች። ገነት ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳለች፤ የሚታየው ጆሮዋ ብቻ ነው፤ ቀልቷል። ትናንት «የስፖርት ቀን ነው» ብላ ነው ያስጫነቻት።

«እማማ፣ አንብበው ነው የተስማሙት?»

አዎ ካለች ልጅቱ ሄደች ማለት ነው። እናቷም ለሁለት ዓመት ብላ ነበር የሄደችው፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመቷ፣ ድምፅ እንጂ መልኳ የለም። የለም ካለች ደግሞ ይህ ሁሉ ዐይን አለ፤ የማኅበሩ ሴቶች አሉ። ልትነሣ ትሞክራለች፤ ብረቱ ጉልበቷን ይዞ ያስቀምጣታል።

«እትዬ ሳያነቡ ሊጫኑ!» ይላል ባምላኩ።

«አንተ አፍህን ዝጋ!»

ውጭ ዝናብ የጣራውን ቆርቆሮ ይወቅጣል።

«አላነበብሁም» ትላለች።

«ምን አሉ?» ይላል አንዱ ከኋላ።

«አላነበብሁም አልሁ! ፊደል የሚባል አልቆጠርሁም። ስዋሻችሁ ነው የከረምሁት። በሉ ሳቁ እንግዲህ!»

ማንም አይስቅም። መምህሩ ታብሌቱን ይዞ እየሮጠ ይመጣል። «ምንም አይደል፣ እማማ። ሦስት ቀን ሳይሞላው መሻር ይቻላል።» መስታወቱ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ መጠናቸውም ቀለማቸውም አንድ። «አንደኛው ይጽና ይላል፤ ሌላው ይሻር። ይሻር የሚለው...»

«ተው አንተ!» እጁን ትገፋዋለች። «እሷ ታሳየኝ። እስከ ዛሬ ያሳየችኝ እሷ ናት።»

«እማዬ፣ ይተዉኝ» ትላለች ገነት። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «እናቴን ልያት።»

«አውቃለሁ። ይሻር የሚለው የትኛው ነው? ጣቴ ይኸው።»

ገነት የአያቷን አውራ ጣት ይዛ ታነሣዋለች። ሁለቱ እጆች ከመስታወቱ አንድ ጋት ከፍ ብለው፣ ከሁለቱ ሳጥኖች መካከል ይቆማሉ።