ከወንዙ ማዶ

ከሰዓት በኋላ፣ ዓይኗ ለደከመው እናቷ ልብ ወለድ ታነብላታለች። መጽሐፉ በቅኝ ገዢዎች ላይ ስላመፁ የጥንት ገበሬዎች ነው። እናትየው ከመካከላቸው ቀልደኛውን ወጣት «ቁርጥ ልጄን!» ትለዋለች። ወንድ ልጇ አሁን ጦር ግንባር ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ሰነባብቷል።

ዛሬ የመጽሐፉ ወጣት ወንዝ መሃል በጥይት ተመትቶ ሰመጠ። አንባቢዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና ያልተጻፈውን አነበበች፤ «የበቅሎ ጭራ ይዞ ተሻገረ።»

«በበቅሎ ጭራ! አይ ያ ቀልማዳ!» እናትየው ከልቧ ሳቀች።

ስልኩ ጮኸ። አንባቢዋ አነሳችው፤ ወንድሟ ነበር።

«እትዬ፣ አለሁ! ወንዙ ይዞኝ ሲሄድ ከየት መጣች ሳልል አንዲት በቅሎ አጠገቤ! ጭራዋን ይዤ ወጣሁ። በዚህ ዘመን ጦርነት በቅሎ! ማን ያምነኛል? አሁን ማዶ ብቻዬን ነኝ። ቆይ፣ ሰው እየመጣ ነው...»

መስመሩ ተቋረጠ።

«ማነው?»

«እሱ ነው፣ እማ። ወንዝ ተሻግሯል።»

«ተመስገን! በይ አንብቢልኝ፤ የኛስ ጀግና ማዶ ምን ገጠመው?»

ገጹን ገለጠች። ገበሬዎቹ የወጣቱን መቃብር እየቆፈሩ ነበር። በመዳፏ ሸፈነቻቸውና አፏን ከፈተች።