ማሙሽ አኮረፉ

«ጋሼ፣ ‹አማቴ አኮረፉ› የሚለው ምንድን ነው?»

ወጣቷ ኢንጂነር የደብተሩን ገጽ ወደ እሱ ታዞራለች። አንጋፋው ቴክኒሻን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያያል፤ የገዛ እጁ ጽሑፍ ነው። የሆስፒታሉን አርባ ሁለት የኔትወርክ ሳጥኖች ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ እየዞረ ሲጎበኝ ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥቶላቸዋል። አሁን ስሞቹ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም እየገቡ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ኃላፊው ይመጣል። ፕሮግራሙ ብቻውን ከበቃ የየቀኑ ዙረት ይቀርና እሱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል።

«አማቴ የላቦራቶሪው ሳጥን ናቸው» ይላል። «ሲያኮርፉ ይሰማሉ፣ ግን ቶሎ አይመልሱም። ዛሬም ጠዋት ሳልፍ መብራታቸው ደስ አላለኝም።»

ስክሪኑ ላይ ግን አማቴ አረንጓዴ ናቸው። ፕሮግራሙ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፦ አረንጓዴ ከሆነ ይሠራል፣ ቀይ ከሆነ ሞቷል።

«ቶሎ ሲሉ... በስንት ሴኮንድ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ዓይኔ ነው የሚያውቀው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። እሷ ግን ነገር ካልገባት እንቅልፍ የላትም። ለአማቴ ተራ በተራ መልእክት እየላከች መልሱን ትለካለች። የመጀመሪያው ወዲያው ይመጣል፤ አምስተኛው ይዘገያል፤ ዘጠነኛው ጭራሽ ይቀራል።

«ጉድ! እውነትም አኩርፈዋል!»

መልስ ለሚያዘገይ ሁሉ ቢጫ ቀለም ትጨምራለች። ፕሮግራሙ ለቢጫው ስም ሲጠይቃት ‹አኮረፈች› ብላ ትጽፋለች።

«እንዴ! አማቴን ‹አንቺ› ልትይብኝ ነው?»

እየሳቀች ‹አኮረፉ› ብላ ታርማለች። አማቴ ቢጫ ይሆናሉ።

«ማራገቢያቸው አቧራ በዝቶበት ነው የሚሆነው» ብሎ ካቻቢቴውን አንስቶ ሊሄድ ሲል ሌላ ቢጫ ይበራል። የሕፃናት ክፍሉ ሳጥን ነው፤ በሃያ ዓመት አንድ ቀን አላስቸገረኝም ብሎ የሚምልለት፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ጀርባውን መታ መታ አድርጎት ያለፈው። ‹ማሙሽ አኮረፉ› ይላል ስክሪኑ።

ዓይኑ አላየውም ነበር። ቅናት ቢጤ ሽው ይልበታል፤ ወዲያው ግን ጉጉቱ ይብስበታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው? እስቲ አሳዪኝ» ይላል ወንበር ስቦ አጠገቧ እየተቀመጠ። «ደግሞ ‹አኮረፈ› በይው! ገና በልጅነቱ አንቱታ ካስለመድሽው ማን ይችለዋል?»

«የሌሎቹንስ በምን አውቃለሁ? ደረጃ ሥር ያለው ወንድ ነው ሴት?»

«እሷማ ሴት ናት። ቆይ፣ ደብተሩን ስጪኝ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

ኃላፊው የዝውውሩን ደብዳቤ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደገባ ማንም ልብ አላለም። ጥቂት ያዳምጥና ደብዳቤውን ለሁለት አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

«እኔ ቢሮ ያለውስ፣ ማን ነው የሚባለው?»

ሁለቱ ይተያያሉ። ኢንጂነሯ ሳቋን አፍና ደብተሩን ቀስ ብላ ትዘጋዋለች።