የ«ማዕበል» ጡረታ

አሁን አሁን ጡረታ የወጣ የጦር መርከብ አካሉ ይፈርሳል እንጂ አእምሮው አይጠፋም፤ በላዩ ላይ ከሞተ መርከበኛ ቤተሰብ ጋር እንዲኖር ሕግ ወጥቷል። ለመጽናኛ ነው አሉን፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና ግን ትንፍሽ ያለ የለም። «ማዕበል» የተባለው አውዳሚ መርከብም በእትዬ ይርገዱ ቤት ግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ መብራቱንና በሩን ያዛል፤ ምሳ በተሠራ ቁጥር ገድሉን ይተርካል።

«ሠላሳ ዓመት ባሕር ጠበቅኩ። የባሕር ወንበዴ አባረርኩ። ሞተር ክፍሌ ሲቃጠል በሩን ዘግቼ እሳቱን አፈንኩ፤ ሜዳሊያ ተሸለምኩ።»

«ጎበዝ!» አሉ እትዬ ይርገዱ፣ ሽንኩርት እያቁላሉ። «ባሌስ እዚያው ውስጥ አልነበረም?»

«ነበሩ፣ እትዬ። ግን መርከቡ ይቀድማል።»

«መርከቡ ማለት አንተ ነህ አይደል?»

ቁሌቱ ማረር ጀምሮ ጭሱ ሲበረታ፣ የወጥ ቤቱ በር እንደ ልማዱ በራሱ ሊዘጋ ተንደረደረና ጓ ብሎ ቆመ። እንደገና ሞከረ። አሁንም አልሆነለትም።

«እትዬ፣ በሩን አንድ ነገር ይዞታል!»

«ሜዳሊያህን ከሥሩ ሸጉጬበት ነው» አሉ፣ ድስቱን እያወጡ። «እንኳን ደስ ያለህ፤ በዕድሜህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አዳንክ።»