ኃላፊው ክፍል ያለው ረዳት

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ኃላፊ ሦስቱን ጸሐፊዎች ሰብስቦ እንቅጩን ነገራቸው። ከዛሬ ጀምሮ የሐኪሞቹን የእጅ ጽሑፍ እንደተየቡ ለአዲሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ይልካሉ፤ ረዳቱ ስሕተቱን አርሞ ይመልሳል። ካርዶቹም ወዲያው ወደ ኃላፊው ክፍል ይገባሉ። በሁለት ወር ውስጥ ገጿ በስሕተት የተሞላ ትሰናበታለች።

«ማሽኑ እኔ ክፍል ነው የሚቀመጠው። አልቀበልም የምትል ካለች ከእኔ ጋር አትሠራም» አለና በሩን ዘጋ።

የጸሐፊዎቹ ታላቅ ዓይኗ እየደከመ ነበር፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ቤቷ አልጋ የያዘ ባል አለ፤ ከዚህ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ከዚያ ወዲህ የኃላፊው በር ተዘግቶ ይውላል። ሰውየው ለምሳ እንኳ አይወጣም።

«ጉዳችንን እያነበበ ነዋ!» አለች አጠገቧ የምትሠራው። «ያ ማሽን ሁሉን ነው የሚዘከዝክለት፣ እህቴ።»

የታላቂቱ ገጾች ታርመው ይመለሱ ጀመር። 7 የነበረውን 1 ያለችው የመድኃኒት መጠን፣ የዘለለችው መስመር፣ ሁሉም ተስተካክሎ። ደስ ሊላት ሲገባ ማሽኑ ስሕተቷን ለኃላፊው ይቆጥርለታል ብላ ትሠጋለች።

አንድ ማክሰኞ ኃላፊው ስብሰባ ሄደ። የዚያን ዕለትም አንድም ገጽ አልተመለሰም፤ የማሽኑ መስመር ተበላሽቷል አሉ ጸሐፊዎቹ። እነሱም ቀኑን ሙሉ ሰውየውን ሲያሙ ዋሉ።

በመጨረሻው ሳምንት ግን የካርዱ ጽሑፍ ጭራሽ ጉም ሆነባት። ለሰው ያልነገረችውን ለማሽኑ ጻፈች።

«ዓይኔ እየጠፋ ነው። ባሌ ታሟል። እባክህ፣ ለዚያ ጨካኝ ሰውዬ አትንገርብኝ።»

መልሱ ዘገየ። ከዚያ መጣ።

«አይዞሽ። የቻልሽውን ጻፊ፤ የቀረውን ለእኔ ተይው።»

በማግስቱ ጠረጴዛዋ ብርሃን ወዳለበት መስኮት እንዲዛወር ታዘዘ። በቃ፣ ነግሮብኛል አለች፤ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ዕቃዋን ሰበሰበች።

ዓርብ ኃላፊው አስጠራት። በሩን አንኳኩታ ገባች። ሰውየው ዓይኑ ቀልቷል፤ የቀኝ እጁ አንጓ በፋሻ ተጠቅልሏል። ፊት ለፊቱ የካርድ ክምር አለ።

«ገጽሽ ላይ አንድም ስሕተት የለም» አላት ቀና ሳይል። «ሂጂ፣ ሥራሽን ቀጥይ።»

ጆሮዋን ማመን አቃታት። አመስግና ስትወጣ ያልተከፈተ ካርቶን የተሸከመ ቴክኒሽያን በሩ ላይ ገጠማት።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ አስጠበቅንዎት» አለ ወደ ውስጥ እያየ፤ «ረዳቱን የት ልግጠምልዎት?»